ስለ ተንቀሳቃሽ የአጥንት መገጣጠሚያዎች
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ቅዳሜ በሐዋሳ ፒያሳ ጫማችንን ለማስጠረግ ቆመን ሳለን አንድ ነገር ልባችንን ነካው። ሊስትሮው ልጅ የሚሠራው በግራ እጁ ብቻ ነበር፤ የቀኝ እጁ ጣቶች ተቆልምመው ቀርተዋል። ምክንያቱን ብንጠይቀው፥ «ወድቄ ክርኔ ላይ ተሰበርኩ፤ በቀርከሃ አጥብቀው አሰሩኝ፤ ሌሊቱን ስጮህ አደርኩ» አለን።

ጉዳቱን ለመረዳት አስቀድሞ የመገጣጠሚያን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። በተንቀሳቃሽ መገጣጠሚያ የአጥንቶቹ ጫፍ በልም አጥንት ተሸፍኗል፤ በመካከሉ የሚያለሰልስ ፈሳሽ አለ፤ ዙሪያውን ጅማት ይዞታል። ሊቃውንት በ6 ይከፍሏቸዋል።

1ኛ/ እንደ በር ማጠፊያ የሚታጠፍና የሚዘረጋ፤ ምሳሌው ክርን ነው።
2ኛ/ ክብ ራስ በጎድጓዳ ውስጥ የሚዞርበት፥ እንደ ዘነዘናና ሙቀጫ ያለ፤ ትከሻና ዳሌ ናቸው። የትከሻው ጎድጓዳ ጥልቀት ስለሌለው ክንዳችን እንደ ልብ ይዞራል፤ ቶሎ የሚወልቀውም ስለዚሁ ነው።
3ኛ/ በምሰሶ ዙሪያ የሚዞር፤ «አይሆንም» ስንል ራሳችንን የሚያዞረው የአንገት 1ኛውና 2ኛው አጥንት መጋጠሚያ ነው።
4ኛ/ የኮርቻ ቅርጽ ያለው፤ በአውራ ጣት ሥር ይገኛል። ብዕርም ብሩሽም የምንጨብጠው በእርሱ ነው።
5ኛ/ የእንቁላል ቅርጽ ያለው፤ የእጅ አንጓ ነው።
6ኛ/ የሚንሸራተት፤ በአንጓው ትንንሽ አጥንቶች መካከል ይገኛል።

የልጁ ጣቶች መገጣጠሚያ ግን አልተሰበረም። ታዲያ ስለ ምን ተቆለመሙ? ጣትን የሚያጥፉት ታላላቅ ጡንቻዎች ያሉት ከክርን በታች በክንድ ውስጥ ነው። የተሰበረ ክንድ ያብጣል፤ እስሩ ከጠበቀ ደም ይታገዳል። ጡንቻ ያለ ደም 6 ሰዓት ያህል ከቆየ መሞት ይጀምራል፤ የሞተው ጡንቻ ተኮማትሮ ጣትን ይጎትታል። የባሰ እንደ ሆነ እጅ እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

ይህን የምንናገረው ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም፤ የእኛም ወላጆች በወለምታና በስብራት ጊዜ ወደ እርሱ ይሄዳሉ። የምንለምነው አንድ ነገር ነው። እጅ ታስሮ ሕመሙ ከበረታ፥ ጣት ከቀዘቀዘ፥ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ፥ «ቻለው» አንበል፤ እስሩን ወዲያው አላልተን ወደ ሐኪም ቤት እናድርስ።

በየሰፈራችን ይህን ብንናገር፥ የተማርነው በደብተር ብቻ አይቀርም።