በአሜሪካ ጉዳት ደርሶበት ካሣ ለሚጠይቅ ሰው ስለ ምስክር ቃል ወጪ የተነገረ

በኢትዮጵያ ሥርዓት ምስክር ቃሉን የሚሰጠው በችሎት፥ በዳኛ ፊት ቆሞ ነው። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረትም፥ ምስክር የሚያስጠራ ተከራካሪ የምስክሩን ወጪ አስቀድሞ ለፍርድ ቤቱ ያስገባል። ይህ ፍርድ ቤት ለተመላለሰ ባላገር ሁሉ የታወቀ ነው። ወደ አሜሪካ የተሻገረ ወንድም ወይም እኅት ግን በመኪና ተገጭቶ፥ ወይም በሰው ደጅ በበረዶ ተንሸራትቶ አጥንቱ ተሰብሮ ካሣ ሲጠይቅ፥ ሌላ ዓይነት ምስክርነት ያጋጥመዋል፤ ስሙንም ዲፖዚሽን ይሉታል።

ዲፖዚሽን ማለት ክርክሩ በችሎት ከመሰማቱ በፊት፥ የሁለቱ ወገን ጠበቆች ባሉበት፥ ብዙ ጊዜም በጠበቃ ቢሮ ውስጥ፥ በመሐላ የሚሰጥ ቃል ነው። ዳኛ አይቀመጥበትም፤ ነገር ግን የተነገረው ሁሉ ይጻፋል፤ በኋላ በችሎት ሌላ ነገር የተናገረ ሰው ይህ ጽሑፍ ይነበብበታል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1938 በሥራ ላይ የዋለው የፌደራል ፍርድ ቤቶች ሥርዓት በየጊዜው እንደ ተሻሻለው፥ ያለ ስምምነት ወይም ያለ ዳኛ ፈቃድ አንድ ወገን ከ10 የበለጠ ዲፖዚሽን እንዳያደርግ፥ እያንዳንዱም ከአንድ ቀንና ከ7 ሰዓት እንዳያልፍ ይወስናል። የመኪና ጉዳት ክርክር ግን የሚበዛው በየግዛቱ ፍርድ ቤት ስለ ሆነ፥ ልኩ እንደ ግዛቱ ይለያያል።

ወጪው ከወዴት ይመጣል ቢባል፥ በመጀመሪያ ቃሉን የሚጽፈው ባለሙያ አለ። እርሱም ስለ መገኘቱና ስለ ጻፈው ገጽ ብዛት ይከፈለዋል፤ ይህንንም የሚከፍለው ምስክሩን የጠራው ወገን ሲሆን፥ ሌላው ወገን ግልባጭ የፈለገ እንደ ሆነ የራሱን ይከፍላል። ተራ ምስክር ብዙ አያስወጣም፤ በፌደራል ፍርድ ቤት ለአንድ ቀን 40 ዶላርና የመንገዱ ነው። ኪስ የሚያራቍተው ሐኪሙ ነው። በባለሙያነት የሚመሰክር ሐኪም ዋጋው በሰዓት ይታሰባል፤ ሆኖም ጉዳቱ ከምን እንደ መጣና ወደፊት ምን እንደሚያስከትል አጣርቶ የሚያስረዳ ከእርሱ በቀር ስለሌለ፥ ይህን ወጪ የሸሸ ክርክሩን ራሱን እንደ ሸሸ ይቈጠራል።

ተጎጂው ይህን ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ ከኪሱ አያወጣም። ጠበቃው አስቀድሞ ያወጣለታል፤ የድካሙንም ዋጋ ከሚገኘው ካሣ ላይ በድርሻ ይወስዳል። ስለዚህ ብዙ ሰው ነገሩ ሁሉ በነጻ የሚሠራለት ይመስለዋል። የድርሻው ውል ግን በጽሑፍ ሊሆን ይገባል፤ በብዙ ግዛቶች የጠበቆች ደንብ መሠረትም ወጪው ከጠበቃው ድርሻ በፊት ወይም በኋላ እንደሚቀነስ በውሉ ሊገለጥ ያስፈልጋል። ይህች ትንሽ ቃል ምን ያህል እንደምትመዝን በቍጥር ማየት ይቻላል። ካሣው 60,000 ዶላር፥ ወጪው 9,000፥ የጠበቃው ድርሻ ሢሶ ነው እንበል። ወጪው በፊት ከተቀነሰ 51,000 ይቀራል፤ ጠበቃው 17,000 ወስዶ ተጎጂው 34,000 ያገኛል። በኋላ ከተቀነሰ ግን ጠበቃው አስቀድሞ 20,000 ይወስዳል፤ ከተረፈው 40,000 ላይ 9,000 ሲነሣ ለተጎጂው 31,000 ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ 3,000 ዶላር ነው። ክርክሩ የተሸነፈ እንደ ሆነ ወጪውን ተጎጂው ይመልስ እንደ ሆነም መጠየቅ ይገባል። ውሉ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ሳያስተረጕሙ መፈረም ድፍረት እንጂ ብልኀት አይደለም።

የአስተርጓሚም ዋጋ አለ። አንዳንዱ ሰው ወጪ ለማዳን፥ ወይም አላውቅም ማለት አፍሮ፥ ራሱ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይመልሳል፤ ያልገባውንም ጥያቄ «አዎን» ብሎ ያልፋል። ያ «አዎን» ግን በመሐላ የተጻፈ ነው፤ የተከሳሹም ጠበቃ እርሱን ይዞ ካሣውን ለማስቀነስ ይሟገታል። ስለዚህ አማርኛ አስተርጓሚ እንዲቀርብ፥ ዋጋውንም ማን እንደሚከፍል፥ ከቀጠሮው ቀን በፊት ለጠበቃው መንገር ያሻል። የተጻፈውን አንብቦ ስሕተቱን ከነምክንያቱ ጽፎ ለማመልከት በፌደራሉ ሥርዓት 30 ቀን ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ይህ እንዲፈቀድ መጠየቅ የሚገባው ዲፖዚሽኑ ሳይፈጸም ነው።