ልቡ ለደነዘዘው ወጣት

የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሶዶም በቦዲቲም ፈተና ሲቃረብ እንቅልፍ የሚያጣ ልጅ ብዙ ነው። ሌላው ደግሞ አይፈራም፣ አያለቅስም፣ ዒድ እንኳ ደስ አያሰኘውም። እናቱ «ልጄ ጨምቷል» ትላለች። አልጨመተም፤ ጭንቀት ሲበዛ ልብን ያደነዝዛል።

ይህን የኢማን ጉድለት ነው የሚሉ አሉ። ነቢዩ የዕቁብ (ዐ.ሰ.) በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን ዐይናቸው እስኪነጣ አዝነዋል፤ ኢማናቸውን ማን ይጠረጥራል? ዱዓእ አድርግ፤ ለምታምነው ሰውም «ምንም አይሰማኝም» ብለህ ንገረው። ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ መሞትን ካሰብህ ግን ሳታሳድር ዛሬውኑ። አባት ሆይ፣ አንተም ልጅህ ውጤቱን ይዞ ሲመጣ አስቀድመህ ምሳ መብላቱን ጠይቀው።