ጤነኛውን ችግኝ መንቀል

ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ አትክልት ላውራችሁ ነው። ራዲሽ ትባላለች። ዐረብ አገር ሠርታችሁ የመጣችሁ እህቶች “ፊጅል” ብላችሁ ታውቋታላችሁ። የጎመን ዘመድ ናት፤ በብዛት የሚበላው ግን ሥሯ ነው።

የድሮው ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶተስ፣ በግብፁ ታላቅ ፒራሚድ ላይ ለሠራተኞቹ ራዲሽና ሽንኩርት የወጣው ገንዘብ ተጽፎ እንደነበር ጽፎልናል። የለፊ ሰው ምግብ ናት ማለት ነው።

ደግሞ ቀለሟ! የተደባለቀ ዘር ብትዘሩ ሁሉም ያው ቡናማ ፍሬ ነው። ስትነቅሉ ግን አንዷ ቀይ፣ አንዷ ሐምራዊ፣ አንዷ ሮዝ፣ አንዷ ነጭ ሆና ትወጣለች። ላይዋ ጥቁር፣ ውስጧ ነጭ የሆነችም አለች። ከላይ ነጣ ያለ አረንጓዴ ሆና ስትቆረጥ እንደ ሐብሐብ የምትቀላም አለች። ፈጣሪ ይህን ሁሉ ውበት አፈር ውስጥ ደበቀው። እስቲ ልጆቻችሁ እንዲነቅሉ ፍቀዱላቸው፤ ፊታቸውን ታያላችሁ።

“መሬት የለኝም” አትበሉ። ታችው የተበሳ አሮጌ ሳፋ ይበቃል። ዘሩን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቅበሩት። በ4 እና በ7 ቀን መካከል ብቅ ይላል። ትንንሾቹ ዓይነቶች ከ25 እስከ 30 ቀን ይደርሳሉ፤ ጥቁሯና ሐብሐብ መሳይዋ ግን ሁለት ወር ገደማ ይፈልጋሉ። እንደ አዲስ አበባ ያለ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይስማማታል።

አሁን ልብ በሉ! ብዙ ሰው ከወር በኋላ ቅጠሉ ለምልሞ ሲያይ ደስ ይለዋል። ሲነቅለው ግን ሥሩ ክር ነው! ለምን? ወይ ጥላ በዝቶበታል፤ ወይ ፍግ በዝቶበት ጉልበቱ ሁሉ ወደ ቅጠል ሄዷል፤ አለዚያም ተጨናንቋል። ስለዚህ ችግኞቹ ገና ትንሽ ሳሉ አሳሱዋቸው። በአንዱና በሌላው መካከል ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይተዉ።

ይህን ማድረግ ያሳሳል፤ አይደል? አረም መንቀል ለማንም ቀላል ነው። እዚህ ግን የምንነቅለው ምንም ያላጠፋ ጤነኛ ችግኝ ነው። ካልነቀልነው ግን እሱም አያፈራ፣ ጎረቤቱም አያፈራ።

ወገኖቼ፣ የእኛስ ቀን እንዴት ነው? ስብሰባው፣ ዕቁቡ፣ ትርፍ ሥራው፣ ስልኩ፣ አገልግሎቱም ሳይቀር! አንዱም ለብቻው ክፉ አይደለም። ከውጭ ሲያዩን ለምለም ነን። ነገር ግን ባልና ሚስት ተቀምጠው ካወሩ ስንት ጊዜ ሆናቸው? ልጁ ትምህርት ቤት የገጠመውን ለማን ነገረ? ቅጠል አለ፤ ሥር የለም። ኃጢአትን ብቻ አይደለም የምንነቅለው፤ አንዳንዴ መልካሙንም ነገር ማሳሳት ያስፈልጋል።

ደግሞ ስትደርስ አታቆዩአት። “ትንሽ ትወፍር” ስትሉ ውስጧ እንደ ስፖንጅ ይሆናል፣ ማቃጠሏም ይብሳል። ውኃዋንም አታቋርጡባት፤ ደርቃ ከቆየች በኋላ ድንገት ውኃ ሲበዛባት ትሰነጠቃለች። ስታወጧት ታጥባ፣ በስሱ ተቆርጣ፣ ጨውና ሎሚ ነካ ተደርጎባት ትቅረብ። ቅጠሏን እንደ ጎመን ቀቅሉት። ስታሳሱ የነቀላችሁትም ሰላጣ ውስጥ ይግባ፤ የሚጣል የለም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር አድርጉ። አንድ ሳፋ አፈር አዘጋጁና ዝሩ። ችግኙን የምታሳሱ ዕለት ደግሞ ከቀናችሁ አንድ መልካም ነገር ቀንሳችሁ፣ ያንን ሰዓት ለቤታችሁ ስጡ። በወሩ ማዕዱ ላይ ቀዩም፣ ነጩም፣ ሐምራዊውም ይቀርባል፤ ዙሪያውን ደግሞ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይቀመጥ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ!