የሸሚዝን ትከሻ አጥርቶ ስለ መስፋት ለመምህራንና ለሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር



የሰው እጅ የሚሠራው ሥራ ኹሉ ኹለት ገጽ አለው፤ አንዱ ለተመልካች የሚታየው ነው፤ ኹለተኛው ሠሪው ብቻ የሚያውቀው ነው። የብራና መጽሐፍ ሲጠረዝ ቅጠሎቹን ከገበታው ጋራ የሚያያይዘው ክር በቆዳው ሥር ተሰውሮ ይቀራል፤ አንባቢ አያየውም፤ ነገር ግን መጽሐፉ ብዙ ዘመን የሚኖረው በዚያ በተሰወረው ክር ነው። ልብስም እንዲሁ ነው። የውጭ ገጹ ያማረ፤ ውስጡ ግን የተዝረከረከ ልብስ ለበዓል ቀን ያገለግል ይኾናል፤ ለሥራ ቀን ግን አይጸናም።

የዚህ ንግግር ነገር ሸሚዝ ነው፤ ከሸሚዝም አንዲት ክፍል ብቻ፤ ይኸውም ከኮሌታው በታች በኹለቱ ትከሻዎች ላይ የሚያርፈው ድርብ ጨርቅ ነው። ከዚህ በኋላ የትከሻ ድርብ ይባላል። ሸሚዝ በሰው ገላ ላይ የሚንጠለጠለው በትከሻ ነው። ገበሬው ሞፈሩን፤ ተማሪው ከረጢቱን፤ መንገደኛው ስንቁን የሚሸከመው በዚያ ስለ ኾነ፤ ልብሱ ከሌላው ስፍራ ኹሉ አስቀድሞ የሚያልቀው በዚያ ነው። ስለዚህ በዚህ ስፍራ ጨርቁ ኹለት ይኾናል፤ አንዱ የላይኛው ነው፤ ኹለተኛው ገበሩ ነው።

የልብስ ስፌት መኪና ከመጣ ወዲህ ሥራው ፈጥኗል። ኤልያስ ሃው በ1846፤ ከእርሱም በኋላ አይዛክ ሲንጀር በ1851፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ በአሜሪካ አገር የስፌት መኪና የፈጠራ መብት ካገኙ ዠምሮ፤ አንዱ ክር ከላይ አንዱ ከታች መጥቶ በጨርቁ መካከል የሚቆላለፍበት ስፌት ዓለምን አዳርሷል። ነገር ግን መኪና የሚሰፋው ያቀረቡለትን ብቻ ነው፤ የጨርቁን ጠርዝ የት መሰወር እንደሚገባ የሚያውቀው የሰፊው አእምሮ ነው። ብዙ ሰፊዎች የትከሻውን ገበር ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፈው ከውጭ በግምት ይሰፉታል፤ መርፌውም አንዳንድ ጊዜ ገበሩን ይስተዋል። ሸሚዙ ጥቂት ጊዜ እንደ ታጠበ ጠርዙ ይወጣል፤ ይተረተራል፤ ሰፊውም ይታማል።

ይህን የሚያስቀር አንድ ብልሃት አለ። ሲነገር የሚያስቸግር፤ ሲሠራ ግን ቀላል ነው። በአምስት ክፍል ተከፍሎ ቢነገር ይሻላል።

መዠመሪያው መቍረጥ ነው። ኹለቱ የትከሻ ድርቦች በአንድ ልክ ይቈረጣሉ። ድሩ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እንዲሄድ ማድረግ መልካም ነው፤ በብዙ ጨርቅ ድር እንደ ማግ አይለጠጥምና ትከሻው ቅርጹን ይጠብቃል። በዙሪያው ለስፌት 1 ሳንቲ ሜትር ይተዋል፤ መካከሉም በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል። የጀርባው ጨርቅ ከድርቡ 4 ሳንቲ ሜትር የሰፋ እንደ ኾነ ትርፉ በመካከል ታጥፎ አስቀድሞ ይወሰወሳል።

ኹለተኛው ጀርባውን ማያያዝ ነው። የጀርባው ጨርቅ የላይ ገጹ ወደ ላይ ኾኖ በጠረጴዛ ይዘረጋል። የላይኛው ድርብ የላይ ገጹ ወደ ታች ተደርጎ በእርሱ ላይ ይጋደማል፤ ገበሩም የላይ ገጹ ወደ ላይ ኾኖ ከጀርባው ጨርቅ በታች ይገባል። የሦስቱ ጠርዝ ተስተካክሎ፤ በስፒል ተይዞ፤ በ1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 4 ያህል ጥቅምት በሚኾን ስፌት በአንድነት ይሰፋል። ከዚያ በኋላ ኹለቱ ድርቦች ወደ አንገት በኩል ተገልብጠው በካውያ ይተኰሳሉ። የጀርባው ጠርዝ በኹለቱ መካከል ተሰውሯል።

ሦስተኛው ደረቱን ማያያዝ ነው። የቀኙና የግራው የደረት ጨርቅ የላይ ገጻቸው ወደ ታች ኾኖ በላይኛው ድርብ ላይ ይቀመጣሉ፤ የትከሻቸው ጠርዝ ከድርቡ የፊት ጠርዝ ጋራ ይጋጠማል፤ ገበሩ ሳይነካ ከላይኛው ድርብ ጋራ ብቻ ይሰፋሉ። ቁልፍ የሚተከልበት ጠርዝ ወደ መካከል፤ እጅጌ የሚገባበት ጠርዝ ወደ ውጭ መኾኑን ከመስፋት በፊት መመርመር ይገባል።

አራተኛው የብልሃቱ ዋና ነው። ደረቱና ጀርባው ከታች ጫፋቸው ዠምሮ ወደ ላይ ይጠቀለላሉ፤ ጥቅሉም በላይኛው ድርብ መካከል ያርፋል። አሁን ከሥር ያለው ገበር በጀርባው ስፌት በኩል ዞሮ ይመጣና ጥቅሉን ይሸፍነዋል፤ የፊት ጠርዙም ከትከሻው ጠርዝ ጋራ ይገጥማል፤ የገበሩ የላይ ገጽ ከደረቱ ጨርቅ የውስጥ ገጽ ጋራ ይገናኛል። በስፒል ከተያዘ በኋላ ቀድሞ በተሰፋው መስመር ላይ፤ ወይም ከእርሱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ፤ ኹለቱም ትከሻ ይሰፋል። ከመርፌው በፊት ግራ እጅ ጥቅሉን ከመስመሩ ያርቅ፤ ጥቅሉ በመርፌ የተያዘ እንደ ኾነ ስፌቱን መፍታት ግድ ይኾናልና። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ የተባለው በዚህ ይታወቃል።

አምስተኛው መግለጥ ነው። እጅ በአንገቱ ክፍት ገብቶ ጥቅሉን ቀስ አድርጎ ይስበዋል። የአንገቱ ጠርዝ ክብ ስለ ኾነ ይለጠጣል፤ ስለዚህ የሚሳበው ጥቅሉ እንጂ ጠርዙ አይደለም። ሸሚዙ ሲወጣ ጠርዞቹ ኹሉ በድርቡ ውስጥ ተሰውረው ይገኛሉ፤ ውስጡም እንደ ውጭው የጠራ ይኾናል። በመጨረሻ ካውያ ይደረግበታል።

ይሁን እንጂ ይህ ብልሃት ለኹሉ አይስማማም። ድርቡ ጠባብ፤ ጨርቁም ወፍራም ካኪ የኾነ እንደ ኾነ ጥቅሉ በውስጡ አይበቃም፤ ያን ጊዜ የገበሩን ጠርዝ አጥፎ በእጅ መርፌ መስፋት ይሻላል።

አሁን ስለ ማስተማሩ ጥቂት ይነገር። ተማሪው አራተኛውን ክፍል በፈጸመ ጊዜ በፊቱ የሚያየው ሸሚዝ አይደለም፤ ቅርጽ የሌለው የጨርቅ እንክብል ነው። ጨርቁን ያበላሸ ይመስለዋል፤ ይደነግጣል፤ ጨርቁንም የገዙት አባትና እናቱ እንደ ኾኑ ያስባል። በዚያች ሰዓት መምህሩ እንክብሉን ከእጁ ወስዶ ራሱ ቢገልጥለት ተማሪው የሚማረው መምህሩ ዐዋቂ መኾኑን ብቻ ነው። የሚቈጣው እንደ ኾነ ደግሞ ፍርሀትን ይማራል። ዝም ብሎ ቆሞ «ሳበው» ቢለው ግን፤ ተማሪው በገዛ እጁ ሸሚዙን ያወጣዋል፤ ያየውንም ዕድሜውን ኹሉ አይረሳም። እንዲህ ያለው ዕውቀት በጆሮ ሳይኾን በጣት የሚገባ ነውና። ስለዚህም መዠመሪያ በአሮጌ አቡጀዲ፤ በትንሽ ልክ፤ ሦስትና አራት ጊዜ ይሠራበት፤ አዲስ ጨርቅ ከዚያ በኋላ ይቈረጥ።

ለሽማግሌዎች የሚነገረውም ይህ ነው። በአገራችን የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው ብዙ ዘመን ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ ከለከሉ፤ ዐዋጅ ግን አፍን ይከለክላል እንጂ ልብን አይለውጥም። ልብ የሚለወጠው ሽማግሌው ወደ ትምህርት ቤት መጥቶ ልጁ የሰፋውን ሸሚዝ ተቀብሎ ውስጡን ገልብጦ ያየ ጊዜ ነው። ውጩን አይቶ ማመስገን ለኹሉ ይቻላል፤ ውስጡን ገልብጦ የሚያይ ግን የሥራውን ዋጋ ያወቀ ነው። ልጁም ውስጡ እንደሚታይ ካወቀ፤ ማንም በማያይበት ስፍራ አጥርቶ መሥራትን ይለምዳል።

ይህ ልማድ በሸሚዝ ላይ አይቀርም። ሚዛን የሚይዝ ነጋዴ፤ መዝገብ የሚጽፍ ጸሓፊ፤ ድንበር የሚለካ ዳኛ ኹሉ በሥራቸው ውስጥ ሰው የማያየው ጠርዝ አላቸው። ያን ጠርዝ የሚጠብቅ ሰው በየመንደሩ እንዲበዛ መምህሩ በመርፌና በክር ቢዠምር መልካም ያደርጋል።