ከጀርባችን የሚበራ መብራት
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከአባላት አንዷ ያደረገችው ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «በልብስ ላይ የሚሰፋ መብራት» የሚል ነው። አንዲት እናት ይህን ሰምተው «ለሠርግ ነው እንዴ?» አሉኝ። ለሠርግም ይሆናል፤ እኔ ግን የማወራው ስለ መንገድ ነው።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚወስደውን አስፋልት ሁላችንም እናውቀዋለን። የአዲስ አበባና የባሕር ዳር መኪና ያልፍበታል፤ ቡሬ ሲደርስ ደግሞ የነቀምቴው መንገድ ይገነጠላል። እኛ በርበሬያችንንና በቆሏችንን ይዘን ለገበያ የምንወጣው ጎሕ ሳይቀድ ነው። ኪዳን ለማድረስ፣ ለቅሶ ለመድረስ የምንሄደውም በዚያው ሰዓት ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶን እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ብቻ ይህንን ያህል መንገድ አልፎታል። በእጃችን የምንይዘው ባትሪ ፊት ለፊታችን ያለውን ጉድጓድ ያሳየናል እንጂ ከኋላ ለሚመጣው እኛን አያሳየንም። እርግጥ የእግረኛ መንገድ በሌለበት በግራ ጠርዝ፣ መኪናውን ፊት ለፊት እያዩ መሄድ ይሻላል። ነገር ግን አህያ እየነዳን፣ ልጅ አዝለን ሁልጊዜ አይሆንልንም።

ስለዚህ የምንሠራው ከጀርባ የሚታይ ቀይ መብራት ነው። ከነጠላና ከጋቢ ሥር ከተሰፋ አይረባም፤ አሮጌ መቀነት ወስደን ከትከሻ ወደ ወገብ ከሁሉም ልብስ በላይ በአግድም የሚታነግ ብናደርገው ይሻላል። ልጅ ያዘለችም ከጋቢው በላይ ታነግበታለች።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ሦስት ቀይ ኤልኢዲ፣ ማለትም በእጅ ባትሪ ውስጥ እንደምናያቸው ያሉ ትናንሽ አምፖሎች፤ ሁለት የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ከነማቀፊያው፤ ማብሪያ ማጥፊያ፤ ቀጭን ሽቦ፤ ሦስት ባለ 100 ኦም ሬዚስተር። ሬዚስተሩ ከተሰበረ ሬዲዮ ውስጥም ይገኛል። በላዩ ላይ ካሉት ቀለበቶች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቡናማ ከሆኑ እሱ ነው። ሽቦው ውስጡ ብዙ ክር ያለው ይሁን፤ ባለ አንድ ክሩ ሲታጠፍ ሲታጠፍ ይሰበራል።

አንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፤ ሁለቱ ሲቀጣጠሉ 3 ይሆናሉ። ቀዩ ኤልኢዲ የሚፈልገው 2 ቮልት ያህል ብቻ ነው። የተረፈችውን አንድ ቮልት የሚውጥልን ሬዚስተሩ ነው፤ ያለ እሱ አምፖሏ ልትቃጠል ትችላለች። ለእያንዳንዷ አምፖል የራሷን ሬዚስተር ስጧት፤ ያኔ አንዷ ብትጠፋ ሌሎቹ ይበራሉ። ረጅሙ እግሯ የፖዘቲቭ ነው። ተገልብጣ ብትገባ አትፍሩ፤ በ3 ቮልት አትበራም እንጂ አትበላሽም።

ነጭ ለምን አይሆንም ትሉኝ ይሆናል። ነጩ 3 ቮልት ያህል ይፈልጋል፤ ድንጋዩ ትንሽ ሲደክም ወዲያው ይፈዝዛል። ቀዩ ግን በደከመ ድንጋይም ይበራል። ደግሞም ሾፌር ሁሉ ቀይ መብራት ሲያይ ከፊቱ የሆነ ነገር እንዳለ ያውቃል። ሦስቱ አንድ ላይ 30 ሚሊአምፔር ያህል ይወስዳሉ። ጥሩ አልካላይን ድንጋይ ከሆነ ለ60 ሰዓት ያህል ይበቃል፤ በቀን አንድ ሰዓት ለምታበራ ሁለት ወር ማለት ነው። ርካሹ ድንጋይ ግን ግማሹን ላይደርስ ይችላል።

አንድ ነገር ላጥብቅ። እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ የሆነችው ባትሪ ትንሽና ቀላል ናት፤ ለዚህ ሥራ ግን ልጅ ባለበት ቤት አታግቧት። ሕፃን ከዋጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ልታቃጥል ትችላለች። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

አሁን ወደ ስፌቱ። የፖዘቲቩን ሽቦ በመቀነቱ ላይኛ ጠርዝ፣ የኔጋቲቩን በታችኛው ጠርዝ አስኪዱና በየጥልፉ ውስጥ ስፉት። የላይኛውን በቀይ ክር፣ የታችኛውን በጥቁር ክር ብትሰፉት በኋላ ስትጠግኑ አትደናገሩም። ሁለቱ የትም ቦታ መነካካት የለባቸውም። መጋጠሚያዎቹን ሬዲዮ ጠጋኝ በቆርቆሮ ቢበይድላችሁ፣ በላዩም ናስትሮ ብትጠቀልሉበት ይጸናል። በየአምፖሏ አጠገብ ሽቦውን ትንሽ ተርፎ ይተው፤ ቀሚስ ሲሰፋ ለመራመጃ እንደምንተወው ማለት ነው። ተወጥሮ የተሰፋ ሽቦ ጎንበስ ባላችሁ ቁጥር ይጎተታል።

ሲጠፋስ? ሦስቱም ከጠፉ አምፖሎቹን አትጠርጥሩ። መጀመሪያ ድንጋዩን ቀይሩ፣ የማቀፊያውን ብረት ዝገት ካለበት ፋቁት፣ ቀጥሎ ማብሪያውን እዩ። አንዷ ብቻ ከጠፋች ችግሩ በእሷ ዘንድ ነው፤ መጋጠሚያዋን በጣት ጫን አድርጉ፣ ብልጭ ካለች የላላ ነው። ስትንቀሳቀሱ የሚበራ የሚጠፋ ከሆነ ሽቦው በሚታጠፍበት በወገብ ወይም በትከሻ በኩል ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል፤ ልባሱ ደኅና ስለሆነ በዓይን አይታይም። ድንጋዩ ከጋለ ግን ሽቦ ከሽቦ ተነካክቷል፤ ቶሎ አውጡት፣ ከዚያ ፈልጉ። ክረምት ላይ ከዝናብ በኋላ፣ ከታጠበም በኋላ፣ ድንጋዩን አውጥታችሁ መቀነቱ በደንብ እስኪደርቅ አትመልሱት።

ለድጋፍ አድራጊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። በውጭ አገር በብር ከተለበጠ ወይም ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ክር አለ፤ በ2007 እ.ኤ.አ.ም ሊሊፓድ የሚባል በልብስ ላይ የሚሰፋ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ለገበያ ቀርቧል። ውብ ነገር ነው። ለእኛ ግን ያ ክር እርቃኑን ስለሆነ ነጠላችን ሲታጠፍ ይነካካል፤ ሲያልቅም ከየት እናመጣዋለን? ተሠርቶ ያለቀ ሰደርያም ቢሰጡን አንቀበልም አንልም፤ ሲበላሽ ግን ሊፈታ የማይችል ከሆነ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። በዚያው ገንዘብ አንድ ቴስተር፣ አንድ መበየጃና አንድ ጥቅል ሽቦ ቢገዛልን በየቀበሌው የሚጠግን እጅ ይኖረናል። መርፌ የምትይዝ ሴት ይህን ለመማር ሁለት ከሰዓት በኋላ ይበቃታል፤ ይሄ የእኔ ግምት ነው።

ለሚቀጥለው ስብሰባ አሮጌ መቀነት፣ መርፌና ክር፣ ሁለት የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ይዛችሁ ኑ። የተሰበረ ሬዲዮ ያላችሁም አትጣሉት፣ አምጡት።