የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ
ዛሬ የምናወራው ስለ ሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ ነው። በላቦራቶሪ ስሙ ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ ይባላል።

ታዲያ ከተለመደው ምርመራ በምን ይለያል? እስቲ ምግብ በእንጨት የሚበስልበትን ማድ ቤት አስቡ። የዛሬው ጭስ በመስኮት ወጥቶ ይሄዳል። ጣሪያው ላይ የተጋገረው ጥላሸት ግን ቤቱ ስንት ጊዜ ሲጨስ እንደከረመ ያሳብቃል። ከጣት ተወስዶ የሚለካው ስኳር እንደ ጭሱ ነው፤ የዚያችን ሰዓት ብቻ ይናገራል። የሦስት ወሩ ምርመራ ግን ጥላሸቱን ያያል።

እንዴት? ደም ውስጥ ያለው ስኳር ቀይ የደም ሴል ላይ ይለጠፋል። ሴሉ ደግሞ ወደ አራት ወር ገደማ ይኖራል። ስለዚህ የተለጠፈው ስኳር ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ያሳያል።

ይህ ለምን ይጠቅመናል? ከፍ ብሎ የከረመ ስኳር ሳያሳምም የልብንና የኩላሊትን ደም ሥሮች ይጎዳል። የምርመራው ውጤት 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታን ያመለክታል፤ ሐኪሙም ኮሌስትሮልን፣ የደም ግፊትንና ኩላሊትን አብሮ ያያል።

ደግሞም ለሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ ሳይበሉ መሄድ አያስፈልግም። ነገር ግን ደም ማነስ ውጤቱን ሊያዛባ ስለሚችል፣ ካለባችሁ አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።