የቀነስነው ክብደት ለምን ተመልሶ መጣ?

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር)




ባለፈው ስብሰባ «ስለ ክብደቱ ጉዳይ ጸሐፊው ይናገር» ተብሎ በተወሰነው መሠረት ይኸው ቀርበናል። እኛ ሐኪም አይደለንም፤ የተማርነውም እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሆኖም ግን ከጤና ባለሙያ ጠይቀን የተረዳነውንና በራሳችን ላይ የደረሰውን ሳንደብቅ እንገልጻለን።

ነገሩ የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ነው። እንደምታስታውሱት በዚያ ዓመት ረመዳንና ዓቢይ ጾም በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ቀን ገቡ። ያኔ ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም አሥራ አንድ ሰዎች ሆነን «ጾሙን ምክንያት አድርገን ሰውነታችንን እንቀንስ» ተባባልን። የስኳር በሽታ ያለባቸው ሁለቱ ሐኪም ሳያማክሩ እንዳይጾሙ ስለተነገራቸው ምግባቸውን ብቻ አስተካከሉ። በዋዜማው በእህል መጋዘኑ ሚዛን ላይ እንደ ማሽላ ጆንያ አንድ በአንድ ወጥተን ተመዘንን። ቁጥሩም ጮክ ተብሎ ተነበበ፤ ሳቁ ዛሬም አይረሳንም። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ በመንገዱ ዳር እንሄድ ነበር። ፋሲካ ሚያዝያ 27 ቀን ውሎ ሲያልፍ ብንመዘን ከሦስት ኪሎ እስከ ሰባት ኪሎ ያልቀነሰ አልነበረም። ተጨባበጥን። ሥራው ያለቀ መሰለን።

ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። ከዒዱና ከፋሲካው ቀጥሎ ሠርግ መጣ፣ ከሠርጉ ቀጥሎ የክረምቱ ጭቃ መጣ፣ መንገዱም ቀረ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. እንመዘን ብለን ስንጠራ አምስት ሰው ብቻ ተገኘ። ስድስቱ ለምን ቀሩ? ታመው አይደለም፤ አፍረው ነው። ከመጡትም አምስት ሰዎች የቀነሱትን ይዘው የተገኙት ሁለት ብቻ ናቸው። ይህን የምንናገረው እኛ ጸሐፊው እንኳ ስድስት ኪሎ ቀንሰን ስምንት መልሰናል።

ካልመጡት አንዱ ስኳር ያለበት ወንድማችን ነው። ፈቅዶልን ነው የምንናገረው፤ አሁንም እዚህ መካከላችን ተቀምጧል። መመዘኑን ሲያፍር የስኳር ምርመራውንም አብሮ ተወው። «ወፈርክ ይሉኛል» ብሎ። ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ጫማው የላጠውን ቁስል ሳያውቀው ከረመ። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ሁለት የእግር ጣቶቹ መቆረጥ ነበረባቸው። እንግዲህ አንድ ሰው አፍሮ ከሚዛን የሸሸበት ዋጋ ይህን ያህላል። ቁጥሩን ጮክ ብለን ያነበብነው ደግሞ እኛው ነን።

ታዲያ የተመለሰብን ሰነፎች ስለሆንን ነው? የጤና ባለሙያዋ እንዲህ ስትል አስረድታናለች። ሰውነት ሲከሳ ችጋር የመጣበት ይመስለዋል። ሆድ የሚልከው የራብ መልእክት ይጨምራል፤ ከስብ የሚመነጨው «በቃህ» የሚለው መልእክት ደግሞ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ክብደት የቀነሱ ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላም ይህ ነገር እንዳልተስተካከለላቸው አሳይቷል። በአሜሪካም በቴሌቪዥን በሚታይ የመክሳት ውድድር የተካፈሉ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ተመርምረው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቷል። ከ14ቱ 13ቱ መልሰው ጨምረዋል፤ ሰውነታቸውም በቀን የሚያቃጥለው ከሚጠበቀው 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ መቀነስ አንድ ሥራ ነው፤ የቀነሱትን ይዞ መቆየት ሌላ ሥራ ነው። እኛ የመጀመሪያውን ሠርተን ሁለተኛው መኖሩን አላወቅንም ነበር።

ሁለቱ ሰዎች ምን አደረጉ? አንደኛዋ ወተት የምትሸጠው እኅታችን ናት። ብንጠይቃት «ምንም አላደረግሁም» አለች። ቆይተን ስንረዳ ግን በሻይዋ ላይ የምትጨምረውን ስኳር ከአራት ማንኪያ ወደ ሦስት፣ ከወር በኋላ ወደ ሁለት፣ አሁን ወደ አንድ አውርዳለች። እስቲ እናስላው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። የእኛ አገር ሻይ በወተት አራት ማንኪያ ይዞ በቀን ስድስት ስኒ ቢጠጣ 24 ማንኪያ፣ ማለትም 100 ግራም ሊሞላ ምንም አይቀረው። ይህ ወደ 400 ካሎሪ ስለሆነ ለማቃጠል ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ በእግር ያስኬዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር ለአዋቂ ሰው ከ12 ማንኪያ እንዳያልፍ፣ ግማሹ ቢሆን ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ገልጿል። ለስላሳ ውስጥ ያለውም እዚሁ ላይ ይደመራል። ዘይትም እንዲሁ ነው፤ ሩዙ ላይ የምናፈስሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ይይዛል።

ሁለተኛው ሽማግሌ ናቸው። ቅርብ ያለውን መስጊድ ትተው ሩቁን መረጡ፤ ለአምስቱም ሶላት በእግራቸው ይመላለሳሉ። ዝናብም ቢሆን ጭቃም ቢሆን ሶላት ስለማይቀር መንገዱም አልቀረም። እኛ ግን መንገዱን ከምንም ጋር ሳናያይዘው ለብቻው ስላቆምነው ዝናብ ሲመጣ ወደቀ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ 13 ኪሎ ተኩል ያህል ቀንሰው ቢያንስ አንድ ዓመት የያዙ ሰዎች የሚመዘገቡበት መዝገብ አለ። አብዛኞቹ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ፣ ቁርስ አይዘሉም፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመዘናሉ። ብዙዎቹም የሚሠሩት ስፖርት የእግር ጉዞ ነው። የእኛ ሽማግሌ መዝገቡን ሳይሰሙ ደርሰውበታል።

ባለፈው አንድ ወጣት ተነሥቶ «ድርቅ በሚመላለስበት አገር ስለ ውፍረት ማውራት አያሳፍርም ወይ?» ብሎ ጠይቋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚበላው ያጣ ጎረቤት እያለ ይህ ንግግር ለሁሉ አይደለም፤ የከሳ ሰው ይቀንስ አላልንም። ነገር ግን ከብቱ አልቆበት ከተማ የገባው ሰው ቀድሞ ከመንጋው ጋር ቀኑን ሙሉ ይሄድ የነበረው፣ አሁን ሱቅ ደጃፍ ተቀምጦ ይውላል። ምግቡም ከወተት ወደ ዱቄት፣ ሩዝ፣ ስኳርና ዘይት ተለውጧል። ስለዚህ ድርቁና ስኳር በሽታው አንድ ቤት ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ።

«ጫት ያከሳል» ለሚሉትም አንድ ነገር እንበል። የምግብ ፍላጎት መዝጋቱ እውነት ነው። ግን አብሮት የሚጠጣው ጣፋጭና አምስት ሰዓት መቀመጡስ? ማታ ምርቃናው ሲወርድ የሚበላውስ? ይህን ለየቤታችን እንተወው።

የእንግድነት ነገር ግን ከሁሉ ይከብዳል። ሰው ቤት ሄደን የቀረበውን አልበላም ማለት ነውር ነው፤ በሱማሌውም በአማራውም ቤት። እኅታችን እንዳለችው ቀስ ብሎ መብላት፣ ሳህኑ ባዶ ሲሆን ይሞላልና ጥቂት አስቀርቶ እጅ መታጠብ ይረዳል። ዓመት በዓልም ይበላ! በበዓሉ ቀን የጎዳን የለም፤ የጎዳን ከበዓሉ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ናቸው። እሷ በማግሥቱ ወደ ነበረችበት ስትመለስ እኛ «አንዴ ተበላሽቷል» ብለን ተውነው።

በመሆኑም የማኅበሩ ኮሚቴ የሚከተለውን ወስኗል። ሚዛኑ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ በየሳምንቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል በመጋዘኑ ጓሮ ይቆማል። ቁጥር አይነበብም፤ ተመዛኙ ራሱ አይቶ በራሱ ደብተር ይጽፋል። መጻፍ ለማይችል የቤተሰቡ ሰው ይጻፍለት። ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ለሴቶች ብቻ ነው። ጨምሮ የመጣ ሰው ምንም አይባልም፤ ምክንያትም አይጠየቅም። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባችሁ ይህ የጤና ጣቢያ ቀጠሯችሁን አይተካም። የመጋዘኑ ሠራተኛ ጆንያ ሊመዝን ሲመጣ ሚዛኑን ወዲያው መልቀቅ ያስፈልጋል፤ ባለፈው በዚህ ነገር ተወቅሰናል።